ከጉሎ ዘይት እስከ ቱርቦ፦ የከባድ መኪና ሞተር ዘይት ታሪካዊ ቅኝት

«ዘይቱ በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር?» የሚለው ክርክር ጋራዥ በር ላይ ከተነሳ ሦስተኛው ቡና እስኪጠጣ አይቋጭም። ሹፌሩ 5,000 ይላል። ባለንብረቱ «10,000 ቢሄድስ ምን ይሆናል?» ብሎ ይሞግታል። አንድ የሰማ ሰው ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ጎታች መኪና 100,000 ኪሎ ሜትር ሳይቀየርለት እንደሚሄድ ይናገራል። ከሦስቱ የዋሸ የለም። ሦስቱም ቁጥሮች እውነት የሚሆኑበት ናፍጣ፣ መንገድና የጭነት ልክ አላቸው፤ ቁጥሩ ድንበር ሲሻገር ግን እነዚህ ነገሮች አብረውት አይሻገሩም። የሞተር ዘይትን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ያየ ሰው ይህንኑ ደጋግሞ ያገኘዋል። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ነገሩ የሚጀምረው ከእንፋሎት ዘመን ነው። ጆን ኤሊስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ድፍድፍ ነዳጅ በሽታ ይፈውስ እንደሆነ ሲመረምር ፈውስ አላገኘበትም፤ የእንፋሎት ሞተር ቫልቭን ግን ከሞራና ከአትክልት ዘይት በተሻለ እንደሚያለሰልስ ተረዳ። በ1866 ኩባንያ አቋቋመ፤ በኋላ ቫልቮሊን የተባለው ዘይት የመጣው ከዚያ ነው። የአትክልት ዘይት ግን ወዲያው አልተሸነፈም። በ1909 የእንግሊዛዊው ቻርልስ ዌክፊልድ ኩባንያ የጉሎ ዘይት ቀላቅሎ ካስትሮልን ለገበያ አቀረበ። በየአጥራችን ሥር ሳይተክሉት የሚበቅለው፣ የትውልድ አገሩም ይኸው የእኛ ምሥራቅ አፍሪካ የሆነው ጉሎ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተሮችን አለስልሷል። የጋለ ብረት ላይ የሚያክለው አልነበረም፤ ሲቆይ ግን እንደ ሙጫ ይጋገራል።

በ1911 የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ዘይትን በውፍረቱ በቁጥር ለየ። ዛሬም «40 ስጠኝ» የሚል ደንበኛ የሚጠይቀው በዚያ ደንብ ነው፤ የጠየቀውም ውፍረቱን ብቻ ነው። ዘይቱ አሲድ ይችል እንደሆነ፣ ጥላሸት ይሸከም እንደሆነ 40 የሚለው ቁጥር ምንም አይናገርም። የዘይት ፊልትሮ እንኳ የመጣው ዘግይቶ፣ በ1923 ነው። ከዚያ በፊት የገባው አቧራና የተፋቀው ብረት ሁሉ ኮፓ ውስጥ እየተንገዋለለ ይቆይ ስለነበር ዘይት በ1,000 እና በ2,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ መቀየሩ የሚያስገርም አይደለም።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ናፍጣ ነው። በ1923 እና 1924 ጀርመኖች የናፍጣ ሞተር የጭነት መኪና ላይ ገጠሙ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካተርፒላር የናፍጣ ትራክተሮቹን ሲያሰማራ አንድ ችግር በየቦታው ይደጋገም ጀመር፦ ጥላሸቱና የተቃጠለው ዘይት የፒስተኑ ፋሻ ቦይ ውስጥ ይጋገርና ፋሻው ተጣብቆ ይቀራል። ፋሻ ከተጣበቀ ጉልበት የለም፤ ጭስ ብቻ ነው። ካተርፒላር ከካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ጋር ሆኖ በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ላይ መፍትሔ አገኘ፤ አጣቢ ንጥረ ነገር ያለበት፣ እድፉን ከብረቱ ላይ አላቆ በራሱ ውስጥ አንጠልጥሎ የሚይዝ ዘይት። ዴሎ የሚባለው የዘይት ስም የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

ይህ ዘይት ወዲያው ይጠቁራል። እስከ ዛሬ ያልጠፋ አለመግባባትም አብሮት መጣ። ባለንብረቱ የዘይት መለኪያውን መዞ በጨርቅ ጠርጎ ያያል፤ ትናንት የተሞላው ዘይት ቀለም መስሏል፤ «ይሄማ ተበላሽቷል!» ይላል። አልተበላሸም። የናፍጣ ሞተር ውስጥ ገብቶ የማይጠቁር ዘይት ነው መጠርጠር ያለበት፤ እድፉን ብረቱ ላይ ጥሎት ይሆናል። ዘይት በዓይን እንደማይለይ ቀድመው የተረዱት የባቡር ሰዎች ናቸው። በ1946 የዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ ባቡር ቤተ ሙከራ የሎኮሞቲቭ ዘይት ናሙና እየወሰደ ውስጡ ያለውን ብረት፣ መዳብና እርሳስ መለካት ጀመረ። መዳብና እርሳስ ከጨመረ ብሮንዚኑ እያለቀ ነው ማለት ነው፤ ሞተሩ ሳይነክስ በፊት ይታወቃል።

ናፍጣ በእኛ አገር መንገድ ላይ የታየው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1930ዎቹ ነበር። ወራሪው የኢጣሊያ ጦር ካመጣቸው መኪኖች አንዱ ፊያት 634 ነው። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው፣ ሁላችንም ኤን ትሬ የምንለው ፊያት 682 ደግሞ አገሩን ለብዙ ዓመታት ተሸከመ። ቱርቦ የለውም። እንዳገኘው አየር ይተነፍሳል፤ ታርማበር ላይ ሲደርስ ያቃስታል እንጂ አይቆምም፤ ወፍራም 40 ዘይት ካገኘና ቶሎ ቶሎ ከተቀየረለት ብዙ ይታገሣል። በእኔ ግምት ዛሬም በየጋራዡ የምንሰማው የዘይት ምክር አብዛኛው ለዚያ መኪና የተሰጠ ምክር ነው።

ቱርቦ ግን አይታገሥም። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ሐሳቡን በ1905 በፓተንት አስመዘገበ፦ በከንቱ የሚወጣው ጭስ ተርባይን ያሽከርክር፣ ተርባይኑም አየር እየገፋ ወደ ሲሊንደር ይላክ። ሐሳቡ ከመርከብና ከባቡር ወርዶ የጭነት መኪና ላይ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በ1938 የስዊዙ ሳውረር ሠራው፤ በ1954 ቮልቮ ቲታን ላይ ገጠመውና 150 ፈረስ ጉልበት የነበረውን ሞተር 185 አደረሰው። ዛሬ ቱርቦ የሌለው የሥራ መኪና ማግኘት ከባድ ነው።

ለዘይቱ ምን ማለት እንደሆነ ከጂቡቲ ተጭኖ በሚመጣ መኪና ማየት ይቻላል። ከባሕር ጠለል ተነስቶ፣ የአፋርን ሙቀት አቋርጦ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ወዳለችው አዲስ አበባ ይወጣል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኤን ትሬ ቢሆን ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርድ ነበር፤ ቱርቦው ግን የጎደለውን ለመሙላት ይበልጥ ይፈጥናል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ብረት ከብረት ሳይነካ፣ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ። በአንድ በኩል የሚገባው ጭስ ዳገት ላይ 600 እና 700 ዲግሪ ይደርሳል። ሹፌሩ ዳገቱን ጨርሶ ምሳ ቤት በር ላይ ወዲያው ሞተሩን ካጠፋ የዘይት ፖምፓው ይቆማል፣ የቱርቦው ግለት ግን ይቀራል። ዘንጉ ሥር የቀረው ዘይት ይቃጠልና ወደ ከሰል ይለወጣል፤ ቀጭኑን የዘይት ቧንቧ ትንሽ በትንሽ ይዘጋል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት ከየትኛውም ውድ ዘይት ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

የዘይት የጥራት ደረጃዎችን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት በ1947 ዘይትን በሦስት ብቻ ከፍሎ ጀመረ፤ በ1970 አካባቢ ለናፍጣ ሞተር በሲ የሚጀምሩት ፊደላት መጡ። በመካከል ያለውን ፊደል ሁሉ መቁጠር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የመጨረሻዎቹን የወለዳቸው የጭስ ሕግ መሆኑን ማወቅ ነው። ሲአይ-4 በ2002 ሲወጣ በናፍጣ ውስጥ እስከ 0.5 በመቶ ድኝ እንዲችል ታስቦ ነበር። በ2006 የወጣው ሲጄ-4 እና በ2016 የተከተለው ሲኬ-4 ግን በዋናነት የታሰቡት ከሚሊዮን እስከ 15 እጅ ድኝ ላለው ናፍጣና የጥላሸት ማጣሪያ ለተገጠመለት ጭስ ማውጫ ነው። ማጣሪያውን አመድ እንዳይደፍነው በዘይቱ ውስጥ አሲድ የሚያረክሰው ንጥረ ነገር ተገደበ። ድኝ ሲቃጠል ደግሞ የሚሰጠው አሲድ ነው፤ አሲዱም የሚበላው ብሮንዚንና ሲሊንደር ነው። እንግዲህ ማጣሪያ በሌለው፣ ድኝ የበዛበት ናፍጣ በሚጠጣ መኪና ላይ «አዲሱ ይሻላል» ብሎ ሲኬ-4 ሞልቶ የመቀየሪያውን ጊዜ ማርዘም አደጋ አለው። ኢንስቲትዩቱ ራሱ በናፍጣው ውስጥ ከሚሊዮን ከ15 እጅ በላይ ድኝ ካለ የመቀየሪያውን ጊዜ ከሞተሩ አምራች ጠይቁ ይላል። ለእንዲህ ያለው መኪና ደህና ሲአይ-4፣ 15 ደብሊው 40፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው።

የአውሮፓው 100,000 ኪሎ ሜትርም አስማት የለበትም። 30 እና 40 ሊትር የሚይዝ ኮፓ፣ ሲንቴቲክ ዘይት፣ ድኝ የለሽ ሊባል የሚችል ናፍጣና ቀኑን ሙሉ በአንድ ፍጥነት የሚኬድበት አውራ ጎዳና ነው። በሌላ በኩል ግን የግንባታ ማሽኖች በኪሎ ሜትር አይቆጠሩም፤ የተለመደው 250 ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት በአማካይ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለሚሄድ፣ ድንጋይና አሸዋ ለሚያመላልስ ገልባጭ ብናሰላው 5,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ80 ለሚጓዝ ጎታች ያው ሰዓት 20,000 ነው። ወረፋ እየጠበቀ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚያድር መኪና ደግሞ ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስ ዘይቱ ያረጃል። ሰዓት ቆጣሪ ያለው ሰዓቱን ይከተል፤ የሌለው የጠጣውን ናፍጣ ሊትር ይመዝግብ፣ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ እሱ ይታመናል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ከሲኬ-4 ጋር ኤፍኤ-4 የሚባል ወንድሙ ወጥቷል፤ ነዳጅ እንዲቆጥብ ሆን ተብሎ የቀጠነ ነው። ለቀደሙት ሞተሮች አልተሠራም። ፊደሉ በጀሪካኑ ጀርባ በደቃቁ የሚጻፍ ስለሆነ ሻጩ «አዲስ የገባ ነው» ሲል አገላብጦ ማየት ነው፤ የሞተሩ መጽሐፍ በስም ካልጠራው ኮፓው ውስጥ አይግባ።