ቀይ ወይን በመስቀል ጓዝ ውስጥ

በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት በወልቂጤ አውቶቡስ ማቆሚያ የቆመ ሰው አገር በሙሉ ወደ ቤቱ የሚመለስ ይመስለዋል። ከመርካቶ ሱቁን ዘግቶ፣ ከአዲስ አበባ ምግብ ቤቱን ለጓደኛው አደራ ብሎ የተነሣው ሁሉ ወደ እምድብር፣ ወደ ጉንችሬና ወደ አገና ይጎርፋል። በአውቶቡሱ ጣራ ላይ የተከመረውን ጓዝ ለሚመለከት፣ ያ ጓዝ ራሱን የቻለ የታሪክ መዝገብ ነው። ቢላዋው፣ ነጠላው፣ ጫማው፣ የልጆቹ ልብስና የወላጆች ጋቢ እያንዳንዱ ስለ ላኪውና ስለ ተቀባዩ የሚናገረው አለው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በጓዙ መካከል በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ እንግዳ ዕቃ መታየት ጀምሯል፤ ይኸውም ባል ለሚስቱ የሚያመጣው የቀይ ወይን ጠርሙስ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ጠርሙስ ከየት ተነሥቶ እስከ እምድብር ቤት እንደ ደረሰ መመርመር፣ ደግሞም መልካሙን ለመምረጥ ምን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ልብ ሊባል የሚገባው የቃሉ ነገር ነው። እኛ «ወይን ጠጅ» እንላለን። ከወይን ፍሬ የተጠመቀውን መጠጥ የምንጠራው በማሩ መጠጥ ስም ነው፤ መለኪያችን ጠጅ ስለሆነ ሌላው ሁሉ በእርሱ ይለካል። ነገር ግን የምድራችን ስም ከዚህ የተለየ ምስክርነት ይሰጣል። ወይና ደጋ ማለት የወይን ደጋ ማለት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠችው እምድብርም በዚሁ ወይና ደጋ ውስጥ ትገኛለች። ሆኖም በየቤቱ ጓሮ የተተከለው እንሰት እንጂ ወይን አይደለም። ምድሩ በወይን ስም ሲጠራ መጠጡ ለምን ከቤታችን ራቀ?

መልሱን ከታሪክ እናገኘዋለን። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በግሪክኛ የተጻፈው የመርከበኞች መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ጥቂት ወይን ጠጅ እንደ ነበረ ይመዘግባል። ስለዚህ የወይን ጠጅ በአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለም። ክርስትና ከገባ በኋላም ወይን ለቅዳሴ የግድ አስፈላጊ ሆነ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ግን ለሥርዓቱ የሚያገለግለው ከደረቀ ዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚጨመቀው ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከወይን ፍሬ የሚጠመቀው ጠጅ በይፋ የሚዘጋጀው በንጉሡና በአቡኑ ቤት ብቻ መሆኑን፣ ሌላው ቢያዘጋጅም በስውር መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ ወይን በታሪካችን ለረጅም ዘመን የሚያውቀው ሁለት በር ብቻ ነበር፤ አንደኛው የቤተ መቅደስ፣ ሁለተኛው የቤተ መንግሥት በር ነው። የገበሬው ቤት በር፣ በተለይም የባለቤቲቱ ጓዳ፣ ሳይከፈትለት ኖረ። በእምድብርም ቢሆን የካቶሊክ ሚሲዮን ከተተከለ ወዲህ ወይን በመሠዊያ ላይ ታውቋል፤ ከመሠዊያው እስከ ጓዳው ያለው መንገድ ግን ረጅም ሆነ።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሦስተኛው በር ቀስ በቀስ ተንቀሳቀሰ። ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት የወይን መጥመቂያ ኢንዱስትሪ በአዲስ አበባ እየተስፋፋ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ኢንዱስትሪዎች በመንግሥት ሲወረሱ የወይን ፋብሪካውም የመንግሥት ሆነ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ ግል ይዞታ እስኪዛወር ድረስም ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ስሙን ከአምቦ ባሻገር ካለው ከጉደር የወሰደው ደረቅ ቀይ ወይንና ጣፋጩ አክሱሚት በየሆቴሉና በየሠርጉ የታወቁ ሆኑ። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ካለማው የወይን እርሻ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቀረበ። ካርታ ዘርግቶ ለሚመለከት ሰው ጉደር ከጉራጌ ምድር በስተ ሰሜን፣ ዝዋይ ደግሞ ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ ነው። የጉራጌ አገር በሁለቱ የወይን ስሞች መካከል ተቀምጦ ወይን ሳይጠጣ መኖሩ የሚያስገርም ነው።

ከዚህ ላይ ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመጣለን። በጉራጌ መስቀል የሥራ ክፍፍሉ የታወቀ ነው። በሬው የባል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ዕቁብ ጥሎ ይገዛዋል። ቅቤው የሚስት ነው፤ ውጆ በሚባለው የሴቶች የቅቤ ዕቁብ እየተሰበሰበ፣ በቅመም እየተነጠረ ለወራት ይቀመጣል። እንሰቱን ፍቃ በጉድጓድ ቀብራ ቆጮ የምታደርሰውም እርሷ ናት። ክትፎው ሲቀርብ የሁለቱ ድካም በአንድ ጣባ ይገናኛል። ይሁን እንጂ በሬው የቤተሰቡ፣ የጎረቤቱና የእንግዳው ነው። ለእርሷ ለራሷ፣ በስሟ የመጣላት ነገር የቱ ነው?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የሙህሯ የቃቄ ውርድወት በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ የተከራከረችው በመሠረቱ ስለዚህ ነበር። አንቂት በሚባለው ልማድ ባሏ ሳይፈቅድላት የተለየች ሴት በእርግማን ታስራ ሌላ ማግባት አትችልም ነበር፤ ወንዱ ግን በላይዋ ሌላ ሚስት ይደርባል። ውርድወት የጠየቀችው ሴት በትዳሯ ፈቃዷ እንዲጠየቅ ነው። ታሪኳ በዘመናችን በብሔራዊ ቴአትር ለመድረክ በቅቷል። የጸሐፌ ተውኔት ሙያ ያለው ሰው ይህን ታሪክ ሲመለከት ከክርክሩ ሁሉ በላይ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «ጠይቁኝ» የሚለው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመስቀል ወደ እምድብር ስንወርድ፣ ለባለቤቴ ከአዲስ አበባ አንድ ሱቅ ከውጭ አገር የመጣ ውድ ቀይ ወይን ገዛሁ። የመረጥሁት በዋጋው ነው። በማታው ክትፎው ቀርቦ ጠርሙሱን ስከፍት ልቤ በኩራት ተሞልቶ ነበር። እርሷ ጥቂት ቀመሰች፤ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አቅርባ አሸተተችው፤ ከዚያም በዝግታ አስቀመጠችው። «አንተ፣ ይህን የገዛኸው ለእኔ ነው ወይስ ለራስህ?» አለችኝ። መልስ ሳጣ እናቷ ብርጭቆውን ተቀብለው ቀመሱና «ልጄ፣ ይኼማ ጊዜው ሳይደርስ የወጣ ቆጮ ነው» አሉ። ቤቱ በሣቅ ተሞላ። እኔ ግን አልሣቅሁም።

በኋላ ነገሩን ስመረምር አማቴ አልተሳሳቱም። የወይኑ ፍሬ ጥቁር ቢሆንም ጭማቂው ነጣ ያለ ነው፤ ቀይ ቀለሙ የሚመጣው ልጣጩ ከጭማቂው ጋር አብሮ ሲብላላ ነው። ከልጣጩና ከፍሬው ጋር ታኒን የሚባል፣ እንደ ጠቆረ ሻይ ምላስ የሚጨብጥ ነገር ይወጣል። ጌሾ ለጠጅ ምሬቱን እንደሚሰጠው ሁሉ ታኒንም ለቀይ ወይን ጉልበቱን ይሰጠዋል። ጠንካራ ሆኖ የተጠመቀ ወይን ታኒኑ እስኪለዝብ ድረስ ዓመታት መቆየት ይሻል። በእኔ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ዘመን ግን ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ከዚህም ሌላ የሥጋውና የቅቤው ስብ ታኒንን ሲያለዝብ፣ ሚጥሚጣው ግን የወይኑን አልኮልና ጭብጠት ያባብሰዋል። በጉድጓድ የተቀበረ ቆጮ መቼ እንደ ደረሰ በሽታው የምትለይ ሴት፣ የመብላላትን ጥበብ ከማንኛውም ሻጭ ይልቅ ታውቃለች። እኔ ግን ሻጩን እንጂ እርሷን አልጠየቅሁም።

በተከታዩ ዓመት ጠየቅሁ። ስለ ወይን ሳይሆን በምታውቀው ቋንቋ ጀመርሁ። «ከጠጅ የምትወጂው የቱን ነው? ደረቁን፣ መካከለኛውን ወይስ ለስላሳውን?» አልኋት። «መካከለኛውን» አለች። ይህ የጠጅ ቤት ክፍፍል ለወይንም ያገለግላል። እርሾው የፍሬውን ስኳር ጨርሶ ወደ አልኮል ሲለውጠው ደረቅ ይሆናል፤ ስኳሩ ሲተርፍ ወደ ለስላሳው ያደላል። ደረቁን ለሚወድ ሰው ከካበርኔ ሶቪኞን ይልቅ ሜርሎ የተባለው የወይን ዓይነት ብዙውን ጊዜ ይለዝባል፤ ጣፋጩን ለሚወድ አክሱሚት አለ። ለመካከለኛው ደግሞ በዝዋይ የሚጠመቀው አካሲያ የተባለው መካከለኛ ጣፋጭ ቀይ ወይን ይገኛል። እኔም ይህንኑ ያዝሁ።

ጠርሙሱን ማጓጓዝም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይሻል። ፀሐይ በሚመታው የአውቶቡስ ጣራ ላይ የተጫነ ወይን መዓዛው ይሞታል፤ ስለዚህ በእጅ መያዝ ይሻላል። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድሞ በቀዝቃዛና በጨለማ ሥፍራ ይቆያል። ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሙቀት ቢቀርብ ይስማማዋል። የመስከረም ማታ በእምድብር ቀዝቀዝ ስለሚል ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። ሃይማኖቱ መጠጥ ለሚከለክለው ቤት ስጦታው ሌላ ይሆናል፤ የመጠየቁ ነገር ግን ለሁሉም አንድ ነው።

በዚያ ማታ ባለቤቴ ብርጭቆዋን አሽትታ ቀመሰች፤ ደግማም ቀመሰች። ከዚያም አንድ ቃል ሳትናገር ከክትፎው አንድ ጉርሻ አዘጋጅታ አጎረሰችኝ። አማቴም ብርጭቆውን ተቀብለው ከቀመሱ በኋላ «ይኼስ ጊዜው ደርሷል» አሉ።

ወይን ጠጅ በአዱሊስ ወደብ ከገባ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው። በቤተ መቅደስና በቤተ መንግሥት በር ለመግባት ገንዘብና ሥልጣን በቂ ነበሩ። በሦስተኛው በር ለመግባት ግን ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃ እኔ በውዱ ጠርሙስ ተምሬአለሁ። የዚያ በር መክፈቻ ውርድወት በጆካ ሸንጎ የጠየቀችው ነው፤ እርሷን መጠየቅ። በመጪው መስቀል ጠርሙስ ይዞ ወደ አገሩ የሚወርድ ወገን ሁሉ፣ ሱቅ ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ቢደውል መልካም ምርጫ ያደርጋል።