የደም ሕዋሳትን በጥቃቅን ቦዮች የመለየት ዘዴ

ማይክሮፍሉዊዲክ መሣሪያ ስፋታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሱ ቦዮች ውስጥ ፈሳሽ በማሳለፍ ሕዋሳትንና ደቂቅ ቅንጣቶችን ለመለየት የሚያገለግል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነው ዘዴ በቦዩ ውስጥ ጥቃቅን ምሰሶዎች በመጠኑ ዘመም ባሉ ረድፎች ይደረደራሉ። ትናንሾቹ ሕዋሳት በምሰሶዎቹ መካከል አልፈው የፍሰቱን አቅጣጫ ሲከተሉ፣ ተለቅ ያሉት ከምሰሶዎቹ ጋር እየተጋጩ ወደ ጎን ያመራሉ፤ በተለያየ መውጫም ይሰበሰባሉ።

እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከዕጢ ተላቀው በደም የሚዘዋወሩ የካንሰር ሕዋሳትን ለመፈለግ ይውላሉ። ይሁንና በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ቢሊዮን ያህል ቀይ የደም ሕዋሳት ሲኖሩ፣ የካንሰር ሕዋሳቱ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ጨርሶ ላይገኙም ይችላሉ። ስለሆነም በደም ውስጥ አለመገኘታቸው ከበሽታው ነፃ መሆንን አያረጋግጥም። ከዕጢው ናሙና ተወስዶ እንዲመረመር ሐኪም ያዘዘለት ታካሚ ምርመራውን ሊያዘገይ አይገባም።