ድምፅ የለሹ ተሽከርካሪና የመንገደኛው ዓይን

አዲስ የፈጠራ ሥራ ከመሐንዲሱ ቤት ወጥቶ አደባባይ ሲደርስ ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ነው፤ ይህንንም መለኪያና ሚዛን ይፈርዱታል። ሁለተኛው ግን ማንም ያልሾመው፥ ደመወዝም የማይከፈለው ዳኛ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ይህ ዳኛ መንገደኛው ነው። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የመጀመሪያው ፈተና ብቻ ነው። የባትሪው ክብደት፥ የሚሄድበት ርቀት ማነስ፥ የቤንዚን መርከስ በየመጽሐፉ ተዘርዝሯል። በባለቤቱና በነጂው ላይ ያረፈው የአላፊ አግዳሚው ሳቅና ሥጋት፥ ግምትና ሐሜት ግን እንደ ተራ ጨዋታ ተቈጥሮ ይታለፋል። ሆኖም የዚህን ተሽከርካሪ ዕድል በመወሰን ረገድ የነበረው ድርሻ ቀላል አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በኦገስት ወር 1897 በለንደን ከተማ ጎዳናዎች ላይ ፈረስ ያልተጠመደባቸው የኪራይ ሠረገላዎች ብቅ አሉ። ጥቁርና ቢጫ ቀለም ተቀብተዋል። ዋልተር ቤርሲ የተባለ፥ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነደፋቸው እነዚህ ሠረገላዎች ከሥራቸው ከባድ የእርሳስ ባትሪ ተሸክመው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዙ ነበር። አንድ ጊዜ በሞሉት ኃይል እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይደርሱ ነበር። ኃይላቸው ሲያልቅ ወደ ጣቢያቸው ይመለሳሉ፤ በዚያም በውኃ ግፊት በሚሠራ ማንሻ የደከመው ባትሪ ወርዶ የተሞላው በጥቂት ደቂቃ ይተካላቸዋል። ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚነገርለት ባትሪ የመለወጥ ዘዴ ያን ጊዜ በሥራ ላይ የዋለ መሆኑ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም።

በዚያን ዘመን ለንደን በፈረስ የሚጎተቱ ከ10 ሺህ በላይ የኪራይ ሠረገላዎች ነበሩባት። የጎዳናዋ ድምፅ የኮቴና የመንኰራኵር ኳኳታ ነበር። ቤርሲ ሥራ ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ በፊት፥ እስከ ኖቬምበር 1896 ድረስ፥ በሞተር ኃይል በሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ፊት አንድ ሰው በእግሩ እየመራ እንዲሄድ ሕግ ያስገድድ ነበር። እንዲህ ባለች ከተማ ውስጥ ኮቴ የማያሰማ፥ በኤሌክትሪክ መብራት የደመቀ ሠረገላ ብቻውን ሲንሸራተት ማየት ለብዙዎች ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ሕዝቡም ከቀለማቸውና ከሚያሰሙት ዝቅተኛ ድምፅ የተነሣ፥ በክንፎቿ ንብ መሰል ድምፅ በምታሰማ በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ወፍ ስም ጠራቸው። ቅጽል ስሙ የፍቅር ይሁን የሽሙጥ ለመለየት ያስቸግራል፤ ምናልባትም ሁለቱንም ነበር።

ሥራው በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ሁለት ነገሮች ደረሱ። የመጀመሪያው ለጋዜጦች መሣቂያ ሆነ። በሴፕቴምበር 10 ቀን ጆርጅ ስሚዝ የተባለ የ25 ዓመት ነጂ ሰክሮ ሠረገላውን በኒው ቦንድ ስትሪት ከሚገኝ ሕንፃ ጋር አላተመ፤ ፍርድ ቤት ቀርቦም ጥፋቱን በማመኑ 25 ሺሊንግ ተቀጣ። በመጠጥ ኃይል ሞተር ያለው ተሽከርካሪ በመንዳት የተከሰሰ የመጀመሪያው ሰው እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። ስካሩ ያው የጥንቱ ስካር ነው፤ የቀድሞው ጋሪ ነጂ ግን ቢሰክር እንኳ ፈረሱ አይሰክርበትም ነበር። ሁለተኛው ነገር ግን የሚያስቅ አይደለም። በዚያው ወር፥ በሰሜን ምሥራቅ ለንደን በሃክኒ፥ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሚጓዝ የኤሌክትሪክ ሠረገላ ኋላ ተንጠለጠለ። ኮቱን የመንኰራኵሩ ሰንሰለት ያዘው፤ ልጁም ሞተ።

ይህ ሕፃን ምን አጠፋ? ከጋሪ ኋላ መንጠልጠል የለንደን ልጆች የቈየ ጨዋታ ነበር። በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ኋላው ባዶ ነው፤ አደጋው ሁሉ ያለው ከፊት ከእግረኛውና ከእንስሳው መካከል ነው። በልጁ ላይ ሊደርስ የሚችለው ክፉ ነገር ቢኖር የነጂው አለንጋ ነበር። አዲሱ ሠረገላ ግን ቅርጹ ያው የጋሪ ቅርጽ ሆኖ ኃይሉ ወደ ኋላ ዞሯል። ልጁ ያየው ሠረገላ የሚያውቀውን ሠረገላ ነው። ሰው አዲስ ነገር ሲገጥመው በአሮጌ ልማዱ ይተረጕመዋል፤ መሐንዲሱም አዲሱን ነገር የአሮጌውን ልብስ አልብሶ ሲያወጣ ይህን ስሕተት ያግዘዋል። ለለንደን ሕዝብ እንዳይደነግጥ ተብሎ የተመረጠው የጋሪ ቅርጽ ለዚያ ልጅ ወጥመድ ሆነበት።

የቤርሲ ሠረገላዎች ብዙ አልቈዩም። ጎማቸው ከክብደታቸው የተነሣ ቶሎ ያልቃል፤ የባትሪው ሰሌዳ በመንገጫገጭ ይሰባበራል፤ ሲያረጁም ያ የተመሰገነው ዝምታቸው ወደ ጩኸት ተለወጠ። በ1899 ከጎዳናው ጠፉ።

በአሜሪካ ግን የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ገና በጉብዝናው ላይ ነበር። በ1900 በዚያች አገር ከተሠሩት 4,192 አውቶሞቢሎች መካከል 1,575ቱ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሲሆኑ፥ ቤንዚን የሚጠቀሙት አንድ ሺህ እንኳ አልሞሉም። በዚህ አገር መንገደኛው የሰጠው ፍርድ ሌላ መልክ ነበረው፤ «የሴት መኪና ነው» የሚል። አባባሉ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ጭስና ሽታ የለውም፤ ክንድ የሚሰብረውን የሞተር ማስነሻ እጀታ ማዞር አያስፈልገውም። የዲትሮይት ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራቸው የነበሩት መኪናዎች ዙሪያቸውን በረጃጅም መስተዋት የተከበቡ፥ ወንበራቸው እንደ ሳሎን የተደረደረ፥ የአበባ ማስቀመጫ ሳይቀር የተሰቀለባቸው ነበሩ። የቤንዚኑን መኪና ለሰፊው ሕዝብ ያዳረሰው የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ ራሷ ትነዳው የነበረው የ1914 ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነበር።

ነገር ግን «የሴት» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን አፍ ሲነገር ምስጋና አልነበረም። ወንዱ ገዥ አደባባይ ላይ ምን እንደሚባል ያውቃልና ሸሸው። ኩባንያው ያገኘው መላ ለሠዓሊና ለቀራፂ ሁሉ የሚገርም ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር የቤንዚን ሞተርን ያህል ስለማይግል ያን ትልቅ የራዲያተር ግንባር አይፈልግም፤ ኩባንያው ግን ለአንዳንድ መኪናዎቹ የቤንዚን መኪና የሚያስመስል ሐሰተኛ የራዲያተር ግንባር ሠራላቸው። አንዳች የማያቀዘቅዝ፥ ለመንገደኛው ዓይን ብቻ የተሠራ ፊት! ከዚህ የበለጠ የተመልካችን ኃይል የሚመሰክር ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በ1912 የኤሌክትሪክ ማስነሻ በቤንዚን መኪና ላይ ሲገጠም ደግሞ ዋናው ብልጫው ተወሰደበት፤ ከዚያ ወዲያ መውደቁ የጊዜ ጕዳይ ሆነ።

የመንገደኛው ሳቅ በግልጽ ፍርድ ሰጭ ሆኖ የታየው ግን ከሰባ ዓመት በኋላ እንደገና በብሪታንያ ነው። ሰር ክላይቭ ሲንክሌር በኪስ ማስያ መኪናና በርካሽ የቤት ኮምፒዩተር ስሙ የተጠራ፥ በ1983 የ«ሰር» ማዕርግ የተሰጠው የፈጠራ ሰው ነበር። በጃኑዋሪ 10 ቀን 1985 በለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ «ሲ ፋይቭ» የተባለውን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪውን ገለጠ። ነጭ የፕላስቲክ አካል ያለው፥ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ፥ ጣራና በር የሌለው ነገር ነበር። ነጂው ወደ ኋላ ጋለል ብሎ ይቀመጣል፤ መሪው ከጉልበቱ ሥር ነው፤ ባትሪው ሲደክም የሚያግዘው ፔዳል አለው። ፍጥነቱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር፥ ዋጋው 399 ፓውንድ። ከ14 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ማንም ያለ መንጃ ፈቃድ ሊነዳው ይችላል። ሲንክሌር በመጀመሪያው ዓመት 100 ሺህ ያህል እንደሚሸጥ ተስፋ አድርጎ ነበር።

ጣራ የሌለውን ተሽከርካሪ በእንግሊዝ አገር በጃኑዋሪ ብርድ መግለጥ ምን ያህል ማስተዋል የጎደለው እንደ ነበር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በዚያው ዕለት በብርዱ የደከሙ ባትሪዎች ነበሩ፤ ዳገቱ ያስቸገራቸውም ነበሩ። ጋዜጦቹ ያን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ይህን ተሽከርካሪ ገዝቶ ጎዳና የወጣ ሰው ለሥራው እንደሚሄድ ሰው ሳይሆን እንደ ተዋናይ ታየ። ተሽከርካሪው የተሠራው ዌልስ ውስጥ በሚገኝ የልብስ ማጠቢያ መኪና በሚያመርት የሁቨር ፋብሪካ በመሆኑ፥ «ሞተሩ የልብስ ማጠቢያ ሞተር ነው» የሚል ወሬ ተዛመተ። እውነቱ ይህ አልነበረም፤ ሞተሩ ከኢጣሊያ የመጣ ነበር። ይሁን እንጂ ወሬው ከእውነቱ ይልቅ የሚጥም ስለ ነበረ ዛሬም ድረስ እንደ ቁም ነገር ሲደገም ይሰማል። መንገደኛ በገባው ነገር ላይ ይስቃል፤ ያልገባውን ነገር ደግሞ በሚያውቀው የቤት ዕቃ ስም ጠርቶ ይስቅበታል።

እዚህ ላይ ግን ፍርዱን መለየት ያስፈልጋል። ስለ ሞተሩ የተሳቀው ሳቅ ፍትሕ የጎደለው ነበር። ስለ ቁመቱ የተሰማው ሥጋት ግን ትክክል ነበር። የተሽከርካሪው ከፍታ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነጂው ከከባድ የጭነት መኪና አጠገብ ሲቆም ዓይኑ የሚያርፈው በጎማው ላይ ነው፤ የጢስ ማውጫውም በፊቱ ትይዩ ነው። ከሩቅ እንዲታይ የሚያደርገው ቀጥ ያለ አንጸባራቂ ዘንግ ደግሞ ለብቻው በተጨማሪ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። እንግዲህ በእግረኛ መንገድ ያለው ሁሉ አንገቱን አዙሮ የሚያየው ያ ነጂ፥ ሊያየው በሚገባው በጭነት መኪናው ሹፌር ዘንድ የማይታይ ሆነ። የብዙዎች ዓይን ማረፊያ መሆንና በአስፈላጊው ዓይን መታየት አንድ አለመሆናቸውን የገዙት ሰዎች በየመንገዱ ተማሩት።

በኦገስት 1985 ማምረቱ ቆመ፤ በኦክቶበር ኩባንያው በዕዳ ተያዘ። ከተሠሩት 14 ሺህ ያህል ተሽከርካሪዎች እስከዚያ ጊዜ ድረስ የተሸጡት 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። የቀሩት በርካሽ ተቸበቸቡ። ከዓመታት በኋላ ግን ያ መሳቂያ የነበረ ነገር ሰብሳቢዎች የሚፈላለጉት፥ ባለቤቶቹ ማኅበር አቁመው የሚንከባከቡት ቅርስ ሆነ። ሲንክሌር በ2021 ሲሞት በኤሌክትሪክ የሚሄድ ቀላል ተሽከርካሪ በየከተማው የተለመደ ሆኖ ነበር።

ከሳቁ ይልቅ ብዙ ያልተሰማ አንድ ሌላ አስተያየት አለ። ይህም ተሽከርካሪውን ፈጽሞ ሊያዩት ከማይችሉት ሰዎች የመጣ ነው። ዓይነ ስውር መንገደኛ መኪና መምጣቱን የሚያውቀው በጆሮው ነው። በሃያ አንደኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሲመለሱ፥ በአሜሪካ የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ዝምታቸው አደጋ መሆኑን አጥብቆ ተከራከረ፤ በጃኑዋሪ 2011ም ተሽከርካሪዎቹ ድምፅ እንዲያሰሙ የሚያስገድድ ሕግ ተፈረመ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጁላይ 2019 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ሲጓዙ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲኖራቸው ተደነገገ። በዚህም ምክንያት ለሙዚቀኛ ያልታሰበ ሥራ ተከፈተ፤ ለፊልም ሙዚቃ የታወቀው ጀርመናዊው ሐንስ ዚመር ለቢ.ኤም.ደብሊው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ድምፅ ቀምሯል። ዝምታው ብርቅ ተብሎ የተደነቀለት ተሽከርካሪ ድምፅ እንዲበደር ተገደደ።

ጕዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። እንዲህ ያለ እገዳ በማውጣት ኢትዮጵያ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ጎዳና አንገት ያስዞር የነበረው መኪና በጥቂት ጊዜ ውስጥ የዕለት ተዕለት ዕይታ ሆነ። እንግሊዛዊው ገዥ ብቻውን የተሸከመውን የሣቅ ሸክም የአዲስ አበባው ባለ መኪና አልተሸከመም፤ ጎረቤቱም ያንኑ ገዝቷልና። የእግረኛ መንገድ በሌለባቸው ሰፈሮች፥ ሰውና አህያ፥ ጋሪና መኪና አንዱን አስፋልት በሚጋሩበት፥ የዝምታው ጕዳይ ግን ከለንደን ይልቅ እዚህ ይከብዳል። በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ዓይኑ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ከኋላው ለሚመጣው ያለው ጆሮው ብቻ ነው።

የመንገደኛው ጥያቄም ተለውጧል። ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ ጊዜ በተሞላ ባትሪ ሐዋሳ ያደርሳል ወይ? ባትሪው ሲያረጅ ስንት ያስወጣል? ጋራዥ የሚያውቀው ሰው አለ ወይ? መብራት የጠፋ ዕለትስ? ባለቤቱ ለአንዳንዱ ይመልሳል፤ ለአንዳንዱ እርሱም ራሱ መልሱን እየጠበቀ ነው።