አናቦሊክ ስቴሮይድና የኢትዮጵያ ረጅም ርቀት ሩጫ

አናቦሊክ ስቴሮይዶች ቴስቶስትሮን የተባለው የወንዴ ሆርሞንና እሱን በመምሰል የተሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። ቴስቶስትሮን በ1935 አምስተርዳም ውስጥ ከበሬ ቆለጥ ተነጥሎ ወጣ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በዚያው ዓመት በቤተ ሙከራም ተሠራ። ሐኪም የሚያዝዘው ሰውነቱ ሆርሞኑን በበቂ መጠን ማመንጨት ላቃተው ወይም በሕመም ለመነመነ ሰው ነው። በ1950ዎቹ ግን ጤነኛ ክብደት አንሺዎች ጡንቻ ለማፈርጠም ይወስዱት ጀመር።

በኦሊምፒክ ስቴሮይድ መመርመር የተጀመረው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር አድማ መትታ ከዚያ ቀርታለች። በ1984 ከሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ከሴኡልም ቀረች፤ በመካከሉ የተገኘችው ምሩፅ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘበት የ1980 የሞስኮ ውድድር ብቻ ነበር። ስቴሮይድ ኦሊምፒክን ሲያናውጥ የኢትዮጵያ ሯጮች ከመድረኩ ርቀው ነበር ማለት ነው።

ሎስ አንጀለስ ላይ የደረሰው ግን ለእነሱም ቅርብ ነበር። ምሩፅ ከአራት ዓመት በፊት ባሸነፈበት በ10,000 ሜትር ሁለተኛ የወጣው ፊንላንዳዊው ማርቲ ቫይኒዮ ሜቴኖሎን የተባለ ስቴሮይድ ተገኝቶበት ሜዳሊያውን ተነጠቀ። ከአራት ዓመት በኋላ የ100 ሜትሩ ቤን ጆንሰን ስታኖዞሎል በተባለ ስቴሮይድ ሲያዝ ብዙ ሰው ነገሩን የፈርጣሞች ጉዳይ አድርጎ ያዘው። የረጅም ርቀት ሯጭ ግን መድኃኒቱን የሚፈልገው ለመፈርጠም አይደለም፤ ክብደት ይጎዳዋል። የሚፈልገው ከከባድ ልምምድ ቶሎ አገግሞ በማግስቱ እንደገና ለመሮጥ ነው።

ሰውነት የሚከፍለው ዋጋ ግን ለሯጭም ለክብደት አንሺም አንድ ነው። ጠቃሚው ኮሌስትሮል ይወርዳል፤ የልብ ጡንቻ ይወፍራል፤ ደም የመርጋት አደጋ ይጨምራል። በአፍ የሚዋጡት ዓይነቶች በተለይ ጉበትን ይጎዳሉ። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ የወንዱ አካል የራሱን ማምረት ስለሚያቆም ቆለጡ ይኮማተራል፣ ዘሩ ይመነምናል፣ ጡቱም ሊያድግ ይችላል፤ መድኃኒቱን ሲተው ደግሞ ድባቴ ውስጥ የሚገባ አለ። የሴቷ የወር አበባ ይዛባል፤ ድምጿ ከጎረነነ መድኃኒቱን ብታቆምም አይመለስም። በዕድገት ላይ ያለ ልጅ ከወሰደው የአጥንቱ ማደጊያ ጫፎች ያለጊዜያቸው ይዘጉና ቁመቱ እዚያው ይቀራል። መርፌ የሚዋዋሱ ደግሞ ለኤችአይቪና ለጉበት ቫይረስ ይጋለጣሉ።

ስቴሮይድ የኢትዮጵያን ሩጫ በቀጥታ ከነካባቸው አጋጣሚዎች አንዱ አዲስ አበባ ተወልዳ ለቱርክ የሮጠችው የኤልቫን አቤይለገሰ ጉዳይ ነው። በ2007 በኦሳካው የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ኢትዮጵያዊቷ ጥሩነሽ ዲባባ መሐል ላይ ተደናቅፋ ወደ ኋላ ከቀረች በኋላ ደርሳ ስታሸንፍ ኤልቫን ሁለተኛ ወጣች። በዓመቱ በቤጂንግ ኦሊምፒክም በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ከጥሩነሽ ቀጥላ ገባች። የኦሳካው ናሙና ተቀምጦ ቆይቶ በ2015 በተሻለ ዘዴ እንደገና ሲመረመር ስታኖዞሎል ተገኘበት። የሁለት ዓመት እገዳ ተጣለባት፤ በ2017 የኦሳካውና የቤጂንጉ ሜዳሊያዎቿ ተሰረዙ። በቤጂንግ 5,000 ሜትር ነሐስ ይዛ የተመለሰችው ኢትዮጵያዊቷ መሠረት ደፋር የብር ባለቤት የሆነችው ያኔ ነው። ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ብር በዚያች ምሽት መድረክ ላይ የተነፈጋትን ደረጃ አይመልስላትም።

አገር ቤት ያለው ቁጥጥርም ዘግይቶ ነው የመጣው። በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር ምርመራቸው ደካማ ከሆነ አገሮች ተርታ አሰለፋት። ብሔራዊ የፀረ አበረታች ቅመሞች ጽሕፈት ቤት ሥራውን ያጠናከረው ከዚያ ወዲህ ሲሆን በኋላም ወደ ባለሥልጣንነት አድጓል። በ2024 አንዲት የኢትዮጵያ የመሰናክል ሯጭ ቴስቶስትሮንና ኢፒኦ (ቀይ የደም ሴል የሚያበዛ ሆርሞን) ተገኝቶባት ለ5 ዓመት ታገደች። ይህ ምርመራ የሚደርሰው በፌዴሬሽን ሥር ለሚወዳደር አትሌት ነው፤ በየከተማው ጂም ሰውነቱን ለማሳመር የሚወስድ ወጣት ናሙና የሚጠይቀው የለም፤ ጉዳቱ የሚታወቀውም ታምሞ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ነው።