ሰርቨሩ የት ይደር?

በአገራችን የጤና ጣቢያ የሪፖርት ወር በ21 ይጀምርና በተከታዩ ወር 20 ይዘጋል። ወንጪ ላይ ከሐይቁ ዳር ካለ ቀበሌ የሚነሳ የሪፖርት ወረቀት ዳገቱን በእግር ወይም በፈረስ ይወጣል። በአምቦና በወንጪ መካከል በጤና መረጃ ሥራ የኖርኩ ነኝና የዳታቤዝን ታሪክ የምመዝነው ወሩ ከተዘጋ በኋላ ባሉት ጥቂት የሪፖርት ቀናት ነው።

ዲኤችአይኤስ የተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር ከአፓርታይድ ማግስት በደቡብ አፍሪካ ተወለደ። የመጀመሪያው በማይክሮሶፍት አክሰስ የተሠራ ስለነበር መረጃው ሁሉ በፋይል ያድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በህንድ ኬረላ ሥራ የጀመረው ዲኤችአይኤስ 2 ግን የዳታቤዝ ሰርቨርም የድረ ገጽ ሰርቨርም ይፈልጋል። ለዋና ከተማ መልካም ነው። ተራራ ላይ ላለ ጤና ጣቢያ ሰርቨር የሚጭን ሰው ከየት ይምጣ?

ያለ ሰርቨር የሚሠራ ዳታቤዝን መንገድ ሌሎች ጀምረውት ነበር። ፕሮግራመሩ ሪቻርድ ሂፕ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ሲሠራ፣ የዳታቤዝ ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር የእሱም ፕሮግራም ይቆምበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሰርቨር የማይፈልገውን ኤስኪውላይት የተባለ ዳታቤዝ አወጣ። በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ በኩል ቶማስ ሙለር ኤችቱ የተባለውን ዳታቤዝ ሠራ። ዲኤችአይኤስ ላይቭ የተባለው የዲኤችአይኤስ 2 ጥቅል ኤችቱንና ጄቲ የተባለውን የድረ ገጽ ሰርቨር በውስጡ ይዞ መጣ፤ ተጠቃሚው ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ ዲኤችአይኤስ 2ን በአገር ደረጃ ሲይዝም ኢንተርኔት የማይደርስባቸው ተቋማት ጉዳይ አብሮ ነበር።

የእኔ ጭንቀት የዚህ ጥቅል አነሳስ ላይ ነው። መጀመሪያ ዳታቤዙ ተከፍቶ ፋይሉን ይቆልፋል፣ ሰንጠረዦቹ ይፈተሻሉ፣ ገጹ የሚከፈተው በመጨረሻ ነው። መብራት ድንገት ከሄደ ደግሞ ኤችቱ ሲነሳ ያልተጠናቀቀውን ጽሑፍ ትቶ የተጠናቀቀውን ስለሚያስመልስ ይበልጥ ይዘገያል። ሪፖርቱ የቸኮለበት ሰው ታዲያ አልከፈተም ብሎ እንደገና ጠቅ ያደርጋል። ሁለተኛው ቅጂ ፋይሉ ተይዟል ተብሎ ይመለሳል። ይህን እምቢታ አከብረዋለሁ፤ ሁለት ፕሮግራሞች ባንድ ፋይል ላይ ቢጽፉ የወሩ ክትባትና ወሊድ ይበላሻል። የማልቀበለው የጃቫን የስህተት ዝርዝር ለነርስ ማሳየትን ነው። ስክሪኑ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ «ዳታቤዙ እየተነሳ ነው፤ ድጋሚ አይክፈቱ» ይበላት።