መዋዕለ ሸክላ

የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፍ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ምልክቱን ከፊደሉ በላይ ማስፈር ስለ ጀመሩ፣ ድጓው ከነይዘቱና ከነድፋቱ ለትውልድ መድረሱን የዜማ መምህራን ይተርካሉ። የዓለሙ ዘፈን ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም። አዝማሪው ማታ በጠጅ ቤት ያወጣው ዜማና በዚያው ቅጽበት የፈጠረው ቅኔ፣ ሰሚው በልቡ ይዞት ካልሄደ በቀር፣ ጧት የሚገኝበት ስፍራ አልነበረም፤ የቀደሙት አባቶቻችን በሠርግና በግብር ላይ ምን ዓይነት ድምፅ እንደ ሰሙ ከዜና መዋዕላቸው አንብበን ልናውቅ ያልቻልነውም ስለዚህ ነው። ይህን ጉድለት ያቃለለው፣ ያውም ዘግይቶና በጥቂቱ፣ ሸክላ ነው።

ድምፅን የሚያኖር መሣሪያ ወደ ቤተ መንግሥታችን የገባው ለዘፈን ሳይሆን ለመንግሥት ጉዳይ ነበር። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃል በሰም ቱቦ ላይ አስቀድተው በመልእክተኛቸው በሃሪንግተን እጅ ላኩ፤ ቃሉ ከተሰማ በኋላ ቱቦው እንዲጠፋ አስቀድሞ ታዝዞ ስለ ነበረ እንደ ትእዛዙ ተደረገ። ምኒልክና ጣይቱ በአጸፋው የተናገሩት ቃል ግን ሳይጠፋ ቆይቶ ዛሬም ይሰማል፤ እንግዲህ በዚያ የድምፅ ልውውጥ ባለመሣሪያዪቱ ንግሥት ዝም ብለው፣ የእኛዎቹ ነገሥታት ሲናገሩ ኖረዋል ማለት ነው።

ዘፈን በሸክላ ላይ የሰፈረበት የመጀመሪያው አጋጣሚም ከዚሁ ቤተ መንግሥት የወጣ ነው። በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ፣ ማሲንቆ አሳምረው የሚጫወቱና ግጥም እንደ ልብ የሚፈሳቸው ሰው ሲሆኑ፣ ለዐፄ ምኒልክ የመጣችው አውቶሞቢል ሐኪም ያሻት ነበርና የመኪናን ሙያ ተምረው እንዲመለሱ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። እዚያም ሳሉ፣ ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ድምፃቸውን በሸክላ ላይ አስቀዱ፤ የኢትዮጵያ ዘፈን የሸክላ ታሪክ በእርሳቸው ይጀምራል። የሞተርን ጠባይ ሊማር የሄደ ሰው የዘፈን አባት ሆኖ መመለሱ ለታሪክ ጸሐፊ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ነገር ግን ይህ ጅማሬ ለረጅም ጊዜ ተከታይ አለማግኘቱ ደግሞ ያሳዝናል።

የዚያን ጊዜው ሸክላ ዛሬ የምናውቀው ልስልስ ፕላስቲክ አልነበረም። በሕንድ አገር ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት ከምታወጣው ሙጫ፣ ከድንጋይ ዱቄትና ከጥቁር ቀለም ተለውሶ የተሠራ፣ ከባድና ተሰባሪ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ እየዞረ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚይዝ ነበር። ማጫወቻውም በእጅ የሚጠመዘዝ ግራማፎን ስለ ነበረ፣ ጠምዛዡ የዘነጋ እንደ ሆነ ዘፋኙ በግጥሙ መካከል እየጎረነነና እየተጎተተ ሄዶ ዝም ይል ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ መግዛት የሚቻለው መኳንንትና ሀብታም ነጋዴ እንጂ ተራ ሰው አልነበረም።

በ1940 ዓ.ም. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም.፣ በጠላት ወረራ ዋዜማ፣ ሕዝቡን ለሀገሩ እንዲቆም ለመቀስቀስ የተመሠረተ፣ በቴአትርና በባህል ዘፈን ውለታው የማይካድ ተቋም ነው፤ ስለ ሸክላው ግን እውነቱን መናገር ግድ ይላል፤ የተሰጠውን ብቸኛ መብት ይዞ ከ20 ዓመት በላይ ሲቆይ ያሳተመው እጅግ ጥቂት ነው። እነዚያ ዓመታት ደግሞ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች የበረቱባቸው፣ ነርሲስ ናልባንዲያን በቴአትር ቤት ወጣቶችን የሚያሠለጥኑባቸው፣ ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ በአዲስ ድምፅ ከተማውን ያስደነቁባቸው ዓመታት ነበሩ። በሬዲዮ ክር ላይ ከተቀረጸው በቀር፣ ያ ሁሉ ማታ ማታ በመድረክ ላይ እየተዘፈነ እዚያው ቀርቷል። መብት ያለው አካል ሳይሠራ፣ መሥራት የሚሻውም እንዳይሠራ የከለከለ ሕግ ከድርቅ ይልቅ እንደሚጎዳ የሚያሳይ ምሳሌ ቢፈለግ ይህ ይበቃል።

ይህን መዝጊያ የሰበሩት አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው። ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ሳሉ የውጭ አገር ሸክላ የሚሸጡበት ሱቅ የነበራቸው እኚህ ወጣት፣ ሕዝቡ የፈረንጁን ዘፈን እየገዛ የራሱን ግን በገንዘቡም ማግኘት አለመቻሉን ዕለት ዕለት በሱቃቸው ያዩ ነበርና፣ ሕጉ ሳይሻር፣ መታሰርም ቢመጣ ሊቀበሉት ቆርጠው፣ በ1961 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሸክላቸውን አሳተሙ። ዘፋኙ በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገው ዓለማየሁ እሸቴ፣ ዘፈኑ «ትማርኪያለሽ» ነበር። በሀገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ የተቀዳው ክር ወደ ሕንድ ተልኮ ታትሞ ተመለሰ፤ በኋላም ሥራው ወደ ቤይሩት ዞረ። ባለሥልጣኖቹ ቢቆጡም አልገፉበትም፤ ሱቁም በገዢ ተጨናነቀ። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1967 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ፤ ከአሜሪካ ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰው ሙላቱ አስታጥቄና ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ በየነም ብዙዎቹን ዜማዎች አቀናበሩ።

መንገዱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ፊሊፕስ ኩባንያም ገባበት፤ ታንጎ በሚል ስም የታወቁት አቶ አሊ አብደላም በካይፋ ሬከርድስ አማካይነት ተከተሉ፤ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» በ1967 ዓ.ም. ያሳተሙትም እርሳቸው ናቸው። ከ1961 እስከ 1970 ዓ.ም. በሀገራችን የወጣው ሸክላ ሁሉ ቢደመር፣ ትንንሹ ወደ 500፣ ትልልቁ ወደ 30 ይጠጋል። አንባቢ ይህን ቁጥር ልብ ቢለው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንተርከው ሁሉ የቆመው በዚህ ልክ ላይ ነው።

ሸክላው ዘፈኑን አኖረ ስንል እንደ ነበረ አኖረው ማለታችን አይደለም። በአዝማሪ ቤት ትዝታ ሲዘፈን መጨረሻውን የሚወስን የለም፤ እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያስውበዋል፣ የገባውን ሰው በስሙ ጠርቶ ያወድሰዋል ወይም በሰም ለበስ ቃል ይነካዋል፣ ሌሊቱም እንዲሁ ይነጋል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ ግን በአንድ ገጹ ከአራት ደቂቃ ብዙ የማያልፍ ስለ ሆነ፣ መግቢያው አጠረ፣ ግጥሙ ተቆጠረ፣ እንግዳው ከዘፈኑ ወጣ። በምትኩ ያ ልመናና ማባበል ወደ ሳክስፎኑና ወደ ኦርጋኑ ተዛወረ። ዘፋኙና ባንዱ በአንድነት ቆመው፣ አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው እየጀመሩ ስለ ተቀዱም፣ በእነዚያ ሸክላዎች ላይ የሚሰማው ጥድፊያና ትኩሳት የኋላ ዘመን ስቱዲዮ ሊሠራው ያልቻለው ነው። እኔ በበኩሌ የጠፋውን ባዝንለትም የተገኘውን አላማርርም።

ከከተማው ዘፈን ወጣ ብለው የቆሙ ሸክላዎችም አሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በምንኩስና ሕይወት ሳሉ በፒያኖ የደረሱትን ዜማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር አሳትመው ገቢውን ለችግረኞች ሰጥተዋል። ያሬዳዊውን ቃና ከአውሮፓው የፒያኖ ትምህርት ጋር ያስማማው ያ ሸክላ በጠጅ ቤትም በዳንስ ቤትም የሚሰማ አልነበረም፤ ለአርባ ዓመት ያህልም ከጥቂቶች በቀር ያወቀው የለም።

ሸክላ ይታተም በነበረበት በዚያ ዘመን ሬዲዮግራም ያለው ቤት በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ሣጥኑ በሳሎኑ ዋና ስፍራ ተቀምጦ፣ በዳንቴል ተሸፍኖ፣ ከላዩ የጋብቻ ፎቶግራፍ ይቆምበታል፤ መርፌውን የማሳረፍ ሥልጣን የአባወራው ወይም የታላቁ ልጅ እንጂ የማንም አልነበረም። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ሃይማኖት በጠበቀበት ቤት፣ ሸክላው እስከ ትንሣኤ ይታሸጋል፤ በፋሲካ ማግስት የሚሰማው የመጀመሪያው ዘፈን ለልጆቹ ከዶሮው ወጥ ጋር አንድ ላይ የሚታወስ ነበር። አሁንም አሮጌ ሸክላ ሲነሣ ሽማግሌዎች የሚጀምሩት ከዘፈኑ አይደለም፤ ማን እንደ ገዛው፣ ከማን ሰርግ በፊት እንደ ነበረ፣ ጭረቱን ያመጣው የትኛው ልጅ እንደ ሆነ ሲተርኩ ዘፈኑ ያልቃል፤ «እስቲ ድገመው» ይባላል። በልባሱ ላይ በብዕር የተጻፈ ስምና ቀን፣ «ለውድ ወንድሜ» የሚል መታሰቢያ፣ አንዳንዴም ተጽፎ የተሰረዘ የሴት ስም ማየት የተለመደ ነው፤ የከተማውን ሰው የልብ ጉዳይ ለማወቅ የሚሻ ከዚህ የበለጠ መዝገብ አያገኝም።

አብዮቱ ሲመጣ የሰዓት እላፊ ታወጀና የሌሊት ክበቦች ተዘጉ፤ ባንዶቹም ተበተኑ። አቶ አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በዚያው ጊዜ ካሴት መጣ፤ ርካሽ ነው፣ በማንም ቤት ይገለበጣል፣ ለማሳተም ቤይሩት አያስኬድም። ስለዚህ ሸክላውን የገደለው መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ካሴቱም ድርሻ አለው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሕትመቱ ፈጽሞ ቆመ። ሸክላዎቹ በየቁም ሣጥኑ ተደርድረው ሲቀሩ፣ በ1978 ዓ.ም. ብራስልስ ያለ አንድ አሳታሚ የማሕሙድን ሸክላ ዳግመኛ አወጣ፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶም ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሕትመት የአምሃንና የካይፋን ሥራ ለዓለም አሰማ። አቶ አምሃ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በወጣትነታቸው ያሳተሟቸው ሸክላዎች በቶኪዮና በለንደን በውድ ዋጋ ይፈለጉ ነበር።

ይህ ክብር ያስደስታል፤ ይሁን እንጂ አንድ ስሕተት እንዳያስከትል እፈራለሁ። የታተመው የአዲስ አበባ ሱቅ ይሸጠዋል ተብሎ የታሰበው ብቻ ነው፤ የጎጃሙና የወሎው አዝማሪ፣ የክፍለ ሀገሩ ባንድ፣ ከ1961 ዓ.ም. በፊት የነበረው የቴአትር ቤት ዘፈን አብዛኛው በዚያ ውስጥ የለም። «የድሮ ዘፈን» ስንል የምናስታውሰው ከዘመኑ ተመርጦ የተረፈውን እንጂ ዘመኑን አይደለምና፣ የዛሬውን ሁሉ ከዚያ ጥቂት ምርጥ ጋር እያስተያየን መናቃችን ፍርደ ገምድልነት ነው።

የተረፈውም ቢሆን ገና አልተመዘገበም። ብዙዎቹ ሸክላዎች የዘፋኙን ስም ሲጽፉ መለከት የነፋውን፣ ከበሮ የመታውን፣ ግጥሙን የሰጠውን ይዘሉታል፤ ይህን በቃል የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስለዚህ በቤቱ ሸክላ ያለው አንባቢ፣ ከመሸጡ ወይም ከመጣሉ በፊት፣ ከእነዚያ ሰዎች አንዱን ፈልጎ አብሮ ያድምጠው፤ የሚነገረውን ስም ሁሉ ከነቀኑ በወረቀት አስፍሮ ከሸክላው ጋር በልባሱ ውስጥ ያኑረው፤ ቅጂውንም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይስጥ።