የዱቤው ደብተርና የጡረታው ገንዘብ



በሰፈሬ በመካኒሳ፣ ከጅማው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ ሱቅ አለ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት በዚያ ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ የእኔ ስም ያለበት ገጽ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ተሻግሮ ነበር። ዘይት፣ ስኳር፣ ምስር፣ ሳሙና፣ እንደገና ዘይት። ባለሱቁ ደግ ሰው ነበርና አልጠየቀኝም። አለመጠየቁ ግን ይበልጥ አሳፈረኝና በሌላ መንገድ ዞሬ ወደ ቤቴ መግባት ጀመርኩ።

የዚያን ዓመት ኑሮ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ባወጣው ቁጥር መሠረት በሐምሌ 2000 ዓ.ም. አጠቃላይ የዋጋ ንረት ከ60 ከመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ የምግቡ ከዚያም የባሰ ነው። እኔ ያን ጊዜ በአንድ የግል ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ። በመሥሪያ ቤቱ ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባል ተቀማጭ ነበረኝ፤ ከደመወዜ ጥቂት፣ ከአሠሪው ጥቂት እየተጨመረበት ስምንት ዓመት የተጠራቀመ። ይህን ገንዘብ ማውጣት የሚቻለው ሥራ ሲለቁ ብቻ ነው። ለቀቅሁና አወጣሁት። በዚህ ጽሑፍ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ታሪክ ነው፤ ስለ ራሴ የምለው ታሪኩን ለማስረዳት ያህል ነው።

«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አባቶቻችን «ጧሪ ቀባሪ አይንሳህ» ብለው ሲመርቁ ያሰቡት ልጅን እንጂ መሥሪያ ቤትን አልነበረም። በቀድሞው ዘመን መንግሥት ላገለገለው ሰው ውለታ የሚከፍለው በአብዛኛው በመሬት ነበር፤ ወታደሩም ሹሙም ማደሪያ ይሰጠው ነበር። ሙስሊሙ ግን በብዙ የደጋ አገሮች ከርስት የተገለለ፣ በንግድና በሽመና የሚኖር ስለነበረ የእርጅናው ዋስትና ልጁ፣ ሸቀጡና ጎረቤቱ ነበሩ። ዕቁብ በገበያ ሰዎቻችን ዘንድ ይህን ያህል የተወደደው በከንቱ አይደለም።

በገንዘብ የሚከፈል ጡረታ በሕግ ጸንቶ የቆመው በ1955 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 ከመቶ፣ መንግሥት 6 ከመቶ ያዋጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ድርጅቶችን ሲወርስ የመንግሥት ንብረት የሆኑት ድርጅቶች ሠራተኞችም ገቡበት። ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ የቤት ሠራተኛዋና የመድረሳው ኡስታዝ ግን ከውጭ ቀሩ።

እዚህ ላይ የሚገርመኝን አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። አዋጅ 209 በወጣበት በዚያው በ1963 እ.ኤ.አ. በግብፅ ሚት ገምር በምትባል ከተማ አሕመድ አን-ነጃር ለገበሬውና ለሠራተኛው ከወለድ ነፃ የቁጠባ ባንክ ከፈቱ። በማሌዥያም ዛሬ ታቡንግ ሐጂ የሚባለው ተቋም ለሐጅ የሚቆጥቡ መንደርተኞችን ገንዘብ መሰብሰብ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። የሚት ገምሩ ዕድሜው አጭር ሆነ፤ የማሌዥያው ግን እስከ ዛሬ አለ። በእኛ አገር ከወለድ ነፃ ባንክ በሕግ የታሰበው በባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ሲሆን፣ ራሳቸውን የቻሉ ባንኮች፣ ዘምዘምና ሒጅራ፣ ሥራ የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የነበረው ቁጠባችን ወይ በፍራሽ ሥር፣ ወይ በወለድ ደብተር ውስጥ፣ ወይ በዕቁብ ነበር። የእኔም ፕሮቪደንት ፈንድ የተቀመጠው በባንክ ነበርና ወለዱን አስልቼ ለይቼ አውጥቻለሁ፤ ብዙ አልነበረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ድርጅቶች ሲበራከቱ ለሠራተኞቻቸው የጡረታ ሕግ አልነበራቸውም። ፕሮቪደንት ፈንድ የተስፋፋው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በስሙ ለእርጅና ነው የተባለው፤ በተግባር ግን ሥራ በለቀቁ ቁጥር የሚበላ ገንዘብ ነበር። ሰው ሲያገባ ይለቃል፣ ዕዳ ሲበዛበት ይለቃል፣ ልጁ ሲታመም ይለቃል። አንድ ባልደረባዬ ገንዘቡን አውጥቶ በግቢው ውስጥ አንድ የጭቃ ክፍል ሠራበትና አከራየው። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያች ክፍል ኪራይ ይቀበላል። ከሁላችንም ብልጥ እሱ ነበር፤ ነገር ግን ባዶ ቦታ ያለው ግቢ ከአባቱ የወረሰ ሰው መሆኑንም አትርሱ። እኔ ያወጣሁት 6,300 ብር ነበር። 3,800 ብሩን ለዱቤውና ለአማቼ ከፈልኩ። የቀረው እስከ ረመዳን አልደረሰም።

ለምን እንዲያ እንደቸኮልኩ ታውቃላችሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲመጣ ለመስገድ ይዘገዩ እንደነበረና አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን ተሸክመው እንዳሰገዱለት በመድረሳ ተምረናል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ብድር መጻፍ የሚናገር ነው። በሰፈራችን ጀናዛ ሲወጣ የሟቹ ወገን ቆሞ «ዕዳ ያለው ወደ እኛ ይምጣ» ሲል ስሰማ የእኔ ስም የሚጠራ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። ዕዳዬን በመክፈሌ ዛሬም አልጸጸትም። የምጸጸተው በሌላ ነው።

እኔ ከለቀቅሁ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 ወጣ። ገንዘቡ ሲያሻ የሚነካ መሆኑ ቀረ፤ ጡረታ ለመቀበል ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገልና 60 ዓመት መሙላት ግድ ሆነ። መዋጮውም ደረጃ በደረጃ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ደረሰ። ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው በዚያው እንዲቀጥሉ ምርጫ ተሰጥቷቸው ነበር። በዚያን ጊዜ በታክሲም በሻይ ቤትም የሚሰማው «ገንዘባችንን ቆለፉብን» የሚል ነበር። እኔም አብሬ አማርሬአለሁ፤ የሚቆለፍብኝ ገንዘብ እንኳ ሳይኖረኝ!

ስሌቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በፕሮቪደንት ፈንድ የምታስቀምጡት ብር ነው፤ ብሩ ደግሞ ይሟሟል። ዋጋ በዓመት 30 ከመቶ ቢጨምር ዛሬ የተቀመጠ 100 ብር በሦስት ዓመት ውስጥ የሚገዛው የዛሬውን 46 ብር እንኳ የማይሞላ ዕቃ ነው። እንዲህ ያሉ ዓመታት ደግሞ አልፈውብናል፤ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ንረቱ ወደ 40 ከመቶ ደርሶ ነበር፣ በ2014 ዓ.ም.ም ከ30 ከመቶ በላይ ነበር፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቅቆ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አለፈ። የእኔን 6,300 ብር ሳልነካው ብተወው ኖሮ ዛሬ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛልኝም ነበር።

የአዋጁ ጡረታ ግን የሚሰላው በተጠራቀመ ብር አይደለም፤ ሰው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ሲያገኝ በነበረው አማካይ ደመወዝ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ የዚያን ደመወዝ 30 ከመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 ከመቶ ነው። ደመወዝ ከዋጋ ጋር እኩል ባይሮጥም እየተንፏቀቀ ይከተላል፤ ጡረታውም ሠራተኛው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ደመወዙን ይከተላል። ከወጣ በኋላ ግን አበሉ መንግሥት ማስተካከያ እስኪያደርግ ባለበት ይቆማል፤ ብዙ ጡረተኞች የሚጎዱት እዚያ ላይ ነው። ፈንዱ ራሱም ለረጅም ጊዜ ገንዘቡን በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ከዋጋ ንረቱ እጅግ ባነሰ ወለድ እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ነበር። ወለዱን ለዑለሞቻችን እተወዋለሁ።

እንግዲህ እኔ ያጣሁት ብሩን አይደለም፤ ዓመታቱን ነው። ገንዘቡን ለማግኘት ሥራውን መልቀቅ ነበረብኝ። ባልለቅ ኖሮ ከአዋጁ ጀምሮ 60 ዓመት እስኪሞላኝ 28 ዓመት አገለግል ነበር፤ ይህም 52 ከመቶ ተኩል ይሆናል። አብረውኝ ያስተምሩ የነበሩ አንዲት እናት እዚያው ጸንተው ከጥቂት ዓመታት በፊት ጡረታ ወጡ። አበላቸው ትንሽ ነው፤ መድኃኒታቸውን ግን ከማንም ሳይጠይቁ ይገዙበታል። በታክሲ ውስጥ ሲያገኙኝ «ኡስታዝ፣ ልክፈልልህ» ይሉኛል።

ለቤተሰብ ዕዳ ብሎ የእርጅናን ገንዘብ መንካት የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በኮሮና ወቅት ቺሊ ሠራተኞቿ ከጡረታ ተቀማጫቸው ሦስት ጊዜ እንዲያወጡ ፈቀደች፤ ማሌዥያም እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ በተደጋጋሚ ፈቀደች፤ ኋላም ብዙ ሰው ለእርጅናው የቀረው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። የእኛ ሕግ ይህን በር ስላልከፈተ ዕዳችን ወደ ሌላ ዞረ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉ አነስተኛ ብድሮችን ጀመረ። ሱቁ ዛሬ የልጁ ሆኗል፤ ደብተሩም ሳይጠፋ ዱቤው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስልክ ደግሞ እንደ አባቱ አይተዛዘንም፤ ክፍያውን በቀኑ ይቆርጣል።

አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ እንደዘገቡት ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ ሲለምን አይተው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ ከዚያም ከበይተል ማል እንዲታሰብለት አዘዙ። በጉልበቱ ዘመን ግብር የተቀበልነውን ሰው በእርጅናው መተው ፍትሕ እንዳልሆነ ተናገሩ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ሳስተምር ግን ዓይኔ ከጎኔ ባለው ክፍል ወደሚያስተምሩት ሼኽ ይሄዳል። ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል፤ ዛሬም አሊፍ ባ ያስቀራሉ፤ ቢያቆሙ የሚጦራቸው የለም።

የ2003ቱ አዋጅ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች በፈቃዳቸው በጡረታው ሊታቀፉ እንደሚችሉ ይናገር ነበር። ለስንት ዓመት በመድረሳችን ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላነሳሁም። ባለፈው ወር ለኮሚቴው አቀረብኩ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1268 ለእኛ ምን እንደሚፈቅድ የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች ተመረጡ። ገንዘብ ያዡ «11 ከመቶውን ከየት እናመጣለን? ወላጆች ወርሃዊውን እንኳ እየተበደሩ ነው የሚከፍሉት» አለ። እውነቱን ነው። የእኔ 7 ከመቶ ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆረጥ ፈርሜ ሰጠሁት፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ስብሰባው ለሻዕባን ተቀጥሯል።